ዕድሜው ሞላ፤ ችግሩስ ተወገደ?
አካል ጉዳተኛ የቲሞችን ወደ ጉልምስና ስለማሸጋገር

(በማኅበራችን ዓመታዊ የለጋሾችና የየቲም ቤተሰቦች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ማኅበራችን ለአንድ የቲም ደጋፊ ሲያገኝ በሚሞላው ቅጽ ላይ ሁለት ቀኖች ይሰፍራሉ። አንደኛው ልጁ የተወለደበት ቀን ነው፤ ሁለተኛው 18 ዓመት የሚሞላበት ቀን ነው። ሁለተኛው ቀን ሲደርስ ወርሃዊው ድጋፍ ይቆምና ተራውን ሲጠባበቅ የቆየ ሌላ ሕፃን በቦታው ይተካል። የሚጠባበቁት ብዙዎች፣ ገንዘቡም ውስን በመሆኑ የዚህ አሠራር ምክንያት ግልጽ ነው። ለአብዛኞቹ ልጆችም ይስማማል፤ በ18 ዓመታቸው ትምህርት ጨርሰው ወይም ሙያ ይዘው እናታቸውን መደገፍ የሚጀምሩ ብዙዎች ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ።

ከእነዚህ መካከል ግን ዓይነ ስውር የሆነ፣ መስማት የተሳነው፣ እግሩ የማይታዘዝለት፣ ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት የቲም አለ። ለእርሱ 18ኛው ዓመት ራሱን የቻለበት ሳይሆን ትምህርት ቤቱም፣ ሕጉም፣ ረጂውም በአንድ ጊዜ «አድገሃል» ብለው የሚሰናበቱበት ዓመት ሊሆን ይችላል። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ሐሳብ አንድ ነው። አካል ጉዳት ላለበት የቲም ድጋፉ የሚቆምበት መለኪያ የዕድሜ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ልጁ ራሱን ለመቻል የደረሰበት ደረጃ መሆን ይገባዋል። ዝግጅቱም ያ ቀን ሳይደርስ፣ ዓመታት አስቀድሞ መጀመር አለበት።

ሸሪዓችን ምን ያስተምረናል?

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ በግልጽ እንመልስ። ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን የደረሰ ሰው በፊቅህ አነጋገር የቲም አይባልም። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስ ይህንኑ ያመለክታል። ስለዚህ የ20 ዓመት ወጣትን የቲም ብለን በመጥራት ማንንም አናሳስትም። ስሙ ቢያበቃም ግን ኃላፊነቱ አብሮ የሚያበቃ መሆን አለመሆኑን ቁርኣን ራሱ ያብራራልናል።

በሱረቱ ኒሳእ ስድስተኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) የየቲም ገንዘብ ጠባቂዎችን ሲያዝ፣ ልጆቹ ለጋብቻ ዕድሜ እስኪደርሱ ድረስ እንዲፈትኗቸው፣ ከዚያም ሩሽድ ማለትም የማስተዋል ብስለት ካዩባቸው ገንዘባቸውን በምስክር ፊት እንዲያስረክቧቸው ነው። ዕድሜ ብቻውን አልተጠቀሰም፤ ሩሽድ ከጎኑ ቆሟል። ፈተናውም ከርክክቡ በፊት የመጣ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ይህን መፈተን ሲያብራሩ፣ ለልጁ ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ እንዴት እንደሚሸጥና እንደሚገዛ ማየትን በምሳሌነት ጠቅሰዋል። እንግዲህ ለጉልምስና ማዘጋጀት ዘመን ያመጣው ሐሳብ ሳይሆን በየቲም ጠባቂ ላይ የተጣለ ግዴታ ነው።

ከዚሁ አንቀጽ በፊት ያለው አምስተኛው አንቀጽ፣ ገንዘቡን ማስተዳደር የማይችለው ሰው ከዚያው ገንዘብ እንዲመገብና እንዲለብስ፣ መልካም ንግግርም እንዲነገረው ያዛል። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽም ስለ ብድር ውል ሲደነገግ፣ ባለዕዳው ደካማ ከሆነ ወይም ቃሉን ማስጻፍ ካልቻለ ጠባቂው በፍትሕ እንዲያስጽፍለት ታዟል። ልብ እንበል፤ ሰውየው ባለመቻሉ ከውሉ አልተሰረዘም። መብቱ እንደተጠበቀ ሆኖ በፍትሕ የሚያግዘው ሰው ተመደበለት እንጂ።

አካል ጉዳተኛ ሰው ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ እንደሆነ የሚያስብ ካለም የሰሐባዎችን ታሪክ ያስታውስ። ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር የመዲና ሙአዚን ነበሩ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለጉዞ ሲወጡም በመዲና ላይ ተጠሪ አድርገው ትተዋቸዋል። ከታቢዒዮች መካከል ዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕ እግራቸውና እጃቸው የተጎዳ፣ በኋላም ዓይናቸው የጠፋ ሲሆኑ የመካ ታላቅ ሙፍቲ እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። እነዚህ ሰዎች ዕውቀታቸው የተፈለገው ማኅበረሰቡ ቦታ ስለሰጣቸው ጭምር ነው።

በየቤቱ ያለው እውነታ

በየቤቱ ስንዞር ከእናቶች አፍ ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ «ከእኔ በኋላ ማን አለው?» የሚል ነው። በስድስት ዓመቱ አዝላ ሐኪም ቤት ያመላለሰችው ልጅ ዛሬ ከእርሷ ይበልጥ ይከብዳል። የእርሷ ወገብ ደክሟል፤ የእርሱ ጉልበት ግን ገና መጀመሩ ነው። ታላቅ እህቱ ወንድሟን ትታ መሄድ አልሆንልሽ ብሏት የቀረበላትን ኒካሕ ታዘገያለች። መስማት የተሳናት ልጅ በትምህርት ቤት የተማረችውን የምልክት ቋንቋ ቤቷ ውስጥ የሚያውቅ ስለሌለ ከእናቷ ጋር በጥቅሻና በጣት ብቻ ስትግባባ ኖራ፣ ስለ ወደፊት ሕይወቷ ማንም ሐሳቧን ጠይቋት አያውቅም።

ይህ ሁሉ መፍትሔ ሲያጣ ሁለት መንገዶች ይቀራሉ። አንደኛው ጎረቤት እንዳያይ በር ዘግቶ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው በጁሙዓ ቀን መስጊድ በር ላይ ጨርቅ አንጥፎ ማስቀመጥ ነው። አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን የአቡ ዳውድ ዘገባ የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ ሊለምን የመጣን አንድ የአንሷር ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በቤቱ ያለውን ጨርቅና ዋንጫ አስመጥተው በሁለት ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት፤ እጀታውንም በራሳቸው እጅ ገጠሙለት። ሰውየው እንጨት ሰብሮ ሸጦ አሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ። የእኛ ወጣቶች ያጡት ምጽዋት አይደለም፤ መጥረቢያውና እጀታውን የሚገጥም እጅ ነው።

ዝግጅቱ በምን ይጀመር?

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ልጁ 14 ዓመት ገደማ ሲሆን ቤተሰቡና ማኅበሩ ተቀምጠው ሊነጋገሩባቸው የሚገቡ አራት ጉዳዮች አሉ። ልጁም በውይይቱ ላይ ይገኝ።

1ኛ. ራስን መንከባከብና ዒባዳ። መታጠብ፣ መልበስ፣ ውዱእ ማድረግ፣ መቆም ያልቻለም ተቀምጦ ወይም በጎኑ ተኝቶ መስገድ በትዕግሥት ይለማመዳል። ለሴት ልጅ ስለ ወር አበባ፣ ሰውነቷን ማንም ያለ አግባብ ሊነካት እንደማይችልና ቢነካት ለማን እንደምትናገር በግልጽ ይነገራት። ኀፍረት ብለን የምንተወው ነገር ጥቃት ለሚያደርስባት ሰው በር ይከፍታል።

2ኛ. ገንዘብ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅም ቢሆን ሱቅ ተልኮ መልስ መቁጠርን ሊለምድ ይችላል። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በአገራችን ስላለ፣ በልጁ ስም ጥቂት በጥቂት መቆጠብ ይቻላል።

3ኛ. ትምህርትና ሙያ። ዓይነ ስውሩ ብሬልን፣ መስማት የተሳነው የምልክት ቋንቋን ይማር፤ ቤተሰቡም አብሮ ይማር። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ስንመርጥ ልጁ ምን እንደሚወድና እጁ ምን እንደሚችል እንመልከት። ስፌት፣ የሞባይል ጥገና፣ የዶሮ እርባታ ለአንዱ ይስማማሉ፤ ለሌላው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በቅጥር ላይ የሚደረግን አድልዎ ይከለክላል፤ ወጣቱ ይህን መብቱን አውቆ ይደግ።

4ኛ. ሰነድና ሕግ። የልደት የምስክር ወረቀትና መታወቂያ በጊዜ ይውጡ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) 18 ዓመት የሞላው ሰው ለአካለ መጠን የደረሰ በመሆኑ የሞግዚቱ ሥልጣን ያበቃል። ወጣቱ በእውነት ብቻውን መወሰን የማይችል ከሆነ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ብዙ ቤተሰቦች ይህን የሚያውቁት ውርስ ሲካፈል ወይም ባንክ ሲሄዱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ባለጉዳዮች ከፈቀዱ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚትነትና የውርስ ጉዳዮችን ያያሉ። አካል ጉዳተኛ ወራሽ ድርሻው አይቀነስም፤ «እኛ እናበላዋለን» ተብሎ የተያዘ ድርሻም በጽሑፍና በምስክር ይመዝገብ። ሊወስን የሚችል ወጣት ደግሞ ዓይኑ ስላላየ ወይም ጆሮው ስላልሰማ ብቻ ውሳኔው አይነጠቅ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የሰውየው ፈቃድ እንዲከበር ያስገድዳል።

ለለጋሾች ያለን ጥያቄ

ገንዘባችሁ አማና ነው። ለየቲም ብላችሁ የነየታችሁትን ገንዘብ ሳናማክራችሁ ለጎልማሳ ማዋል አይገባንም። ስለሆነም 18 ዓመት ለሚሞላቸው አካል ጉዳተኞች ራሱን የቻለ ሣጥን እንዲከፈት፣ በዚህ ለመቀጠል የሚፈልግ ደጋፊም ፈቃዱን በፊርማው እንዲገልጽ ሐሳብ እናቀርባለን።

ዘካችሁንም ልትሰጡ ትችላላችሁ። በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ የተዘረዘሩት ስምንቱ የዘካ ባለመብቶች ፉቀራእና መሳኪን ብለው ይጀምራሉ፤ የዕድሜ ገደብ አልተደረገባቸውም። በሐዲስ እንደተላለፈው ግን ጠንካራ የሆነና ሠርቶ ማግኘት የሚችል ሰው በዘካ ድርሻ የለውም። ስለዚህ ድጋፋችን ወጣቱ ገቢ ባገኘ መጠን እየቀነሰ የሚሄድ እንዲሆን፣ በየስድስት ወሩም እንዲገመገም እናስባለን። ኢማም ነወዊ እንዳብራሩት በሻፊዒይ መዝሀብ ለባለሙያ የሥራ መሣሪያ መግዣ ከዘካ መስጠት ይቻላል። የልብስ ስፌት መኪና የዓመታት ቀለብ ሊሆን ይችላልና።

ገንዘብ ብቻ አንጠይቅም። ሱቅ፣ ወርክሾፕ ወይም ድርጅት ያላችሁ አንድ ወጣት ለልምምድ ተቀበሉ። የመስጊድ ኮሚቴ አባላት የሆናችሁ የውዱእ ቦታውና መግቢያው ለተሽከርካሪ ወንበር መመቸቱን ተመልከቱ፤ ኹጥባውንም በምልክት ቋንቋ የሚያስተላልፍ ሰው ፈልጉ።

እናንተ እናቶችና ታላላቅ ወንድሞች ደግሞ ልጁን አትሸሽጉት፤ በምትክ የሚጠብቀውን ሰው ዛሬ በሕይወት ሳላችሁ ምረጡ፣ ልጁንም ከእርሱ ጋር አለማምዱት። የአሳዳጊነቱን ሸክም ለአንዲት ሴት ልጅ ብቻ አትጫኑ፤ እርሷም ሕይወት አላት።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የየቲም ተንከባካቢ በጀነት ከእርሳቸው ጋር ያለውን ቅርበት በሁለት ጣቶቻቸው አሳይተዋል። ለዚያ ቅርበት የምንጓጓ ሁሉ፣ ያሳደግነው ልጅ እጃችንን ሲለቅ የት እንደሚቆም መጠየቅ ይገባናል።

አላህ (ሱ.ወ.) የለገሳችሁትን ይቀበላችሁ፤ በገንዘባችሁ በረካ ያድርግ። ለደከሙ እናቶች ብርታትን፣ ለልጆቻችን ሐላል ሲሳይንና ክብርን ይወፍቃቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።