በፊደልና በንባብ መካከል፦ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ስለ ጠፋው እርከን



ይህን ንግግር እንዳቀርብ ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ «በተማሪዎች ዘንድ የንባብ ባህል መዳከም» የሚል ነበር። ርእሱን ለውጬዋለሁ፤ ምክንያቴንም ከመነሻው ልናገር። «የንባብ ባህል» ስንል ማንበብ የሚችል፣ ነገር ግን ማንበብ የማይወድ ልጅ በዓይነ ኅሊናችን ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ጥፋተኛው በቀላሉ ይገኛል፤ ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ቲክቶኩ። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ማንበብ ያልወደደውን ልጅ ሳይሆን ማንበብ ያልቻለውን ነው። ሁለቱ የተለያዩ ልጆች ናቸው። የሁለተኛው ቁጥር እጅግ ይበልጣል፤ አብዛኛውም በእጁ ስልክ የለውም።

በ2002 ዓ.ም. በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛና በሐረሪኛ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ክሂል ተለክቶ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያልገቡ አይደሉም። ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ደብተር የያዙ፣ በየማለዳው የተሰለፉ ልጆች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 ከመቶ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠቱና ኩረጃ መገታቱ ውጤቱን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። ስሌቱን ወደ ኋላ ብንሄድበት እነዚያ ተፈታኞች 2ኛ ክፍል የነበሩት በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የጠቀስኩት ልኬት ይፋ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ። ዛሬ በሬሜዲያል ክፍሎቻችን የምናገኛቸው ተማሪዎች ጉድለት የተጀመረው 11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል ላይ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንጋፋ ባልደረቦቼ «በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» ማለታቸው አይቀርም። እውነትም ይመስላል። ነገር ግን የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከደረሱ የአገሪቱ ልጆች አብዛኞቹ ከትምህርት ቤት ደጅ ውጭ ነበሩ። የምናስታውሰው የገቡትን ጥቂቶች ነው፤ ራሳችንን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ፣ በቤታቸው መጽሐፍ አይተው የማያውቁ፣ ወላጆቻቸው ያልተማሩ ልጆች ገቡ። ይህን እንደ ውድቀት የሚያይ ካለ አልስማማም። ትልቅ ሥራ ነበር። ሆኖም ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ከቤት የሚመጣውን እርዳታ ራሱ እንዲሰጥ አልተዘጋጀም ነበር።

እርዳታው ምን እንደሆነ ለማሳየት የጽሕፈታችንን ጠባይ ላንሣ። የአማርኛ ፊደል ለጀማሪ ቸር ነው ይባላል፤ እያንዳንዱ ሆሄ ድምፁን ይዞ ይመጣልና። 33ቱ ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚህም ያልፋሉ። ለሰባት ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው፤ ቢሆንም የሚቻል ሸክም ነው። ዋናው ችግር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። አምስቱም ሆሄያት ሳድሳን ናቸው። ልጁ በገበታው ላይ እንደተማረው ት፣ ም፣ ህ፣ ር፣ ት እያለ አንድ በአንድ ቢጠራቸው ቃሉ አይወጣለትም። የትኛው ሳድስ አናባቢ እንዳለው፣ የትኛው ከጎረቤቱ ጋር እንደሚጋጠም ፊደሉ አይነግረውም። የሚነግረው ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ማወቁ ነው።

መጥበቅና መላላትም እንዲሁ። «አለ» የሚለው ቃል «ለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል»። «ይመታል» ብለን ስንጽፍ ሰውዬው መቺ ይሁን ተመቺ የሚለየው በመጥበቅና በመላላት ነው፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ ፍች ተነሥቶ ይወስናል። እንግዲህ በአማርኛ አስተካክሎ ለማንበብ እየተረዱ ማንበብ ግድ ነው። «መጀመሪያ ያንብብ፤ መረዳቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል» የሚለው በየትምህርት ቤቱ የምሰማው አባባል ለዚህ ጽሕፈት አይሠራም። ፊደል መቁጠርና ማንበብ በሁለት የተለያዩ እርከኖች ላይ ያሉ ሥራዎች ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያውን ደግሞ አንድ ሰው ሊያስተምር ይገባል።

የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ይህን መሻገሪያ ያውቀው ነበር። ልጁ ሀሁን በዜማ ከያዘ በኋላ የኔታ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። አቡጊዳ ሌላ ፊደል አይደለም፤ ያው ፊደል ቅደም ተከተሉ ተለውጦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ የሚሄድ ነው። እኔ እንደምረዳው ከጥቅሞቹ አንዱ መፈተኛነቱ ነው፤ ዜማውን እንጂ ሆሄውን ያልያዘ ልጅ አቡጊዳ ላይ ይያዛል። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ ይመጣል፤ እሱም በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ። የቃሉ ተነሽና ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚለየው በዚህ መንገድ ነው። በየደረጃውም ልጁ ብቻውን ቀርቦ ይሰማል፤ የኔታ ባይደርሱ ቀደም ያለው ተማሪ ያሰማዋል። ያንን ትምህርት ቤት እንዳለ እንመልሰው ማለቴ አይደለም። ምንባቡ ልጁ በማይናገረው በግዕዝ ነበር፤ ትርጓሜው ከዓመታት በኋላ ለጥቂቶች ይደርስ ነበር፤ ኩርኩሙም የሚረሳ አይደለም። የምለው፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚያ የወረሰው የጋራ ዜማውን ነው፤ ጥሎ ያለፈው ደግሞ ልጁን ለብቻው ማዳመጡን ነው።

የመምህራን እጩዎችን የተግባር ልምምድ ለመገምገም በሄድኩባቸው ትምህርት ቤቶች ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። መምህሩ አንድ መስመር ያነባል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይከተለዋል። በአንድ የ2ኛ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሙሉውን ገጽ ያለ እንከን «አነበበችልኝ»። ከሦስተኛው መስመር ጀምሪ አልኳት። ጣቷን ሦስተኛው መስመር ላይ አድርጋ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች፤ ለካ ከላይ ጀምራ በልቧ እየወረደች ነበር፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። መምህርቷ «እሷ እኮ ጎበዝ ናት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያን ያህል በቃሏ የያዘች ልጅ እንዴት ጎበዝ አትባልም? ያ ጉብዝና ግን 4ኛ ክፍል ላይ ያልቅበታል። ከዚያ ጀምሮ ማንም ንባብ አያስተምርም፤ የሳይንሱም የሒሳቡም መምህር ልጁ ያነባል ብሎ ይነሣል። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ በአንደኛው ቋንቋ ያልተገኘው ክሂል በሁለተኛው ይፈለጋል።

መምህርቷን ለመውቀስ የሚቸኩል ካለ ስሌቱን ይሥራ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በክፍሉ 60 ልጆች አሉ እንበል፤ ከዚያም የሚበልጡበት ብዙ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ 40 ሴኮንድ ይደርሰዋል፤ ያውም ሰላምታውና ስም ጥሪው ሳይቀነስ። ስለዚህ በአንድ ድምፅ ማንበቡ ስንፍና አይደለም፤ ከዚህ ስሌት የመጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጆችን ሳይጥሉ ማሳለፍም በራሱ ክፉ አልነበረም። ልጅን አንድ ክፍል ሁለት ጊዜ ማስቀመጥ ንባብ አያስተምረውም። አሠራሩ የተመሠረተው ግን በተከታታይ ምዘና ላይ ነበር፤ ማሳለፉ ቀረ፣ ምዘናው ስሙ ብቻ ቀረ።

ታዲያ 1ኛ ክፍልን የሚያስተምረው ማን ነው? ለረጅም ዓመታት ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጆች የገቡት በአብዛኛው በ10ኛ ክፍል ፈተና ለመሰናዶ የሚያበቃ ነጥብ ያላገኙ ወጣቶች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ልምድ ያካበተው ወደ ላይኛው ክፍል «ያድጋል»፤ አዲሱ ታች ይመደባል። 1ኛ ክፍል እንደ ቅጣት የሚታይበት ትምህርት ቤት ጥቂት አይደለም። በሙያችን ውስጥ እጅግ ረቂቁን ሥራ ልምድ ለሌለው ሰው በሰባና በስልሳ ልጆች ፊት የምንሰጠው ለምን እንደሆነ እስካሁን አሳማኝ መልስ አልሰማሁም።

ስለ መጽሐፍ ብዙ አልልም፤ የታወቀ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በተጀመረባቸው ዓመታት መጽሐፍቱ በቴሌግራም ይዞሩ ነበር፤ ይህ ለመምህሩ ይረዳል እንጂ ለ1ኛ ክፍል ልጅ ምን ያደርግለታል? ጣቱን የሚያሳርፍበት ወረቀት ያስፈልገዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጠረ፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አገኘ። ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ያጡ ብዙዎች ግን ፊደሉን ረሱት። በ2014 ዓ.ም. በተከፈተው በአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደስ ይለኛል፤ ልጆች ሞልተውት ሳይ ደግሞ የበለጠ። ቢሆንም ከሁሉ አብልጬ የማከብረው እንደ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ያሉትን ሰዎች ሥራ ነው፤ በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተው፣ በአዋሳ ደግሞ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍቱን ልጆቹ ወዳሉበት ወሰዱ። መጽሐፉ ወደ ልጁ መሄድ እንዳለበት ገብቷቸው ነበር።

በዚህ ሁሉ ላይ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ቀጥሎ ጦርነት መጣ። በትግራይ ልጆች ሦስት ዓመት ያህል ከክፍል ውጭ ቆዩ፤ በአማራ ክልልም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በ7 ዓመቱ መግባት የነበረበት ልጅ በ10 ዓመቱ ሲመለስ የት ይቀመጥ? በዕድሜው 4ኛ ክፍል ቢገባ ፊደል አይለይም፤ 1ኛ ክፍል ቢገባ ያፍራል፤ ካፈረም ይቀራል። ለዚህ ልጅ የሚሆን መምህር በየትኛው መርሐ ግብራችን እያሠለጠንን ነው? እዚህ ያላችሁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለመመረቂያ የምትመርጡት ርእስ ብዙውን ጊዜ የልቦለድ ትንታኔ ወይም የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ግምገማ ነው። አልነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ልጅ «ትምህርት»ን አንብቦ ከመጥራቱ በፊት በየትኛው ሆሄ ላይ እንደሚቆም፣ አማርኛ የቤቱ ቋንቋ ያልሆነው ልጅስ የት እንደሚለያይ የሚያጠና እጅግ ያስፈልገናል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ እርሳስ፣ ወረቀትና ትዕግሥት ነው።

ለፋኩልቲያችን ያቀረብኩት ሐሳብም ትንሽ ነው። መምህሯ በየቀኑ ስድስት ልጆችን ለአንድ ለአንድ ደቂቃ ብቻቸውን ብታዳምጥ፣ 60ው ልጅ በአሥር የትምህርት ቀናት ውስጥ ይዳረሳል። የሚነበበው ልጁ ያላየው አጭር ምንባብ ይሁን፤ ወይም ከገጹ መካከል ይጀመር። ቀሪዎቹ ልጆች በዚያች ስድስት ደቂቃ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነበቡ፤ ቀደም ያለው የዘገየውን ያሰማው። የክፍሉን ብዛት ይህ አይቀንሰውም። ማን እንደሚያነብና ማን እንደሚዘምር ግን ከዓመቱ መጨረሻ በፊት ይታወቃል፤ ያኔ ገና ጊዜ አለ።

በመጪው መንፈቀ ዓመት የልምምድ ምደባ ሲወጣ ከእጩዎቻችን ገሚሱ ወደ 1ኛ ክፍል እንዲላኩ የትምህርት ክፍሉ ተስማምቷል። እያንዳንዱ እጩ ስድስት ልጆችን ይዞ እስከ ልምምዱ ፍጻሜ በየሳምንቱ ያዳምጣል፤ የሰማውንም ይመዘግባል። መዝገቡ የሁላችንም መረጃ ይሆናል። በዚህ ሥራ ለመሳተፍ የምትፈልጉ ባልደረቦች ስማችሁን በትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ልታስመዘግቡ ትችላላችሁ፤ አማርኛ ብቻ ሳይሆን አፋን ኦሮሞና ትግርኛ የሚያስተምሩ ባልደረቦችም ያስፈልጉናል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።