በመመለሻው መንገድ ላይ
(በክረምት ፍጻሜ የተሰጠ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እግዚአብሔር የዝናሙን ወራት አሳልፎ ከጳጕሜን ደጃፍ አድርሶናልና ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን የሚቈይ ቢሆንም፥ የዕረፍቱ ጊዜ ግን ተፈጽሟል። ተማሪው ደብተሩን ያሰናዳል፤ መምህሩ ወደ ትምህርት ቤቱ፥ ከዘመዶቹ ዘንድ ሰንብቶ የነበረውም ሠራተኛ ወደ መሥሪያ ቤቱ ለመመለስ ጓዙን ይሸክፋል።

ዕረፍት ነውር አይደለም። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱ ከስብከት ደክመው በተመለሱ ጊዜ ጥቂት ያርፉ ዘንድ ወደ ምድረ በዳ ወስዷቸዋል። ሕዝቡ ቀድሞ ደርሶ በጠበቀው ጊዜ ግን አዘነላቸው እንጂ ዕረፍቴን አጐደላችሁብኝ አላለም፤ ያን ጊዜውኑ ማስተማር ጀመረ። እንግዲህ ዕረፍት ለሥራ መሰናጃ ነውና፥ ከዕረፍታችን ምን ይዘን እንመለሳለን ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ታሪኩ የተጻፈው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ለዚህ ጥያቄ መምህራችን ነው። የንግሥት ሕንደኬ ሹም፥ በሀብቷም ሁሉ ላይ አዛዥ ነበር። በኢየሩሳሌም ሰግዶ ወደ አገሩ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው በመመለሻው መንገድ ላይ ነው። እንደ እኛ ቢሆን ኖሮ፥ ስግደቱ ተፈጽሟል፥ ከእንግዲህ የሚጠብቀኝ የግምጃ ቤቱ ሒሳብ ነው ብሎ መጽሐፉን ጠቅልሎ ባስቀመጠው ነበር። ዳግመኛም ድምፁን አሰምቶ ያነብ ነበርና ፊልጶስ ሰማው። በልቡ ብቻ ቢያነብ ኖሮ ፊልጶስ በምን ይሰማው ነበር? የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ በተጠየቀም ጊዜ፥ መሪ እንደሚያስፈልገው ለመግለጥ ሹመቱ አላሳፈረውም። ተማረ፤ ተጠመቀ፤ ደስ እያለውም መንገዱን ቀጠለ። መንገዱስ ወዴት ነበር? ወደዚያው ወደ አገሩና ወደ ሥራው ነበር።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ወራት ጠበል ልረጭ በገባሁበት ቤት አንዲት አረጋዊት እናት፥ «አባቴ፥ ጥቂት ቃል ያንብቡልኝ» አሉኝ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ማታ ማታ ያነቡላቸው የነበረው የአማርኛ ወንጌል በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሣጥኑ ላይ ነበር። ስገልጠው የክረምቱ እርጥበት ገብቶበት ዳርና ዳሩን ሻጋታ ይዞታል። ልጃቸው ሁለት ወር ሙሉ ከእርሳቸው ዘንድ የሰነበተ ተማሪ ነበርና፥ «ልጅዎ አያነብልዎትምን?» አልኋቸው። «ልጄ ቀኑን ሙሉ ያነባል፤ ለራሱ ነው እንጂ» አሉኝ፤ ወቀሳም አልነበረበትም። ልጁ ጓዙን ሲያስር ይህን ሰማ። መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ ከእናቱ እግር ሥር ተቀመጠ፤ አንድ ምዕራፍም አነበበላቸው። ነገር ግን በማግስቱ መንገደኛ ነበርና የቀረው ጊዜ ያ አንድ ማታ ብቻ ነበር።

ምእመናን ሆይ፤ ይህን የምነግራችሁ በዚያ ልጅ ልፈርድ አይደለም። እኔ ራሴ ወደዚያ ቤት ስንት ጊዜ ገብቼ ጠበል ረጭቼ፥ ቡናም ጠጥቼ ወጥቻለሁ፤ መጽሐፉን አምጡት ብዬ ግን አላውቅም ነበር። እናታችን ዓይናቸው ፊደል ባያውቅ ጆሯቸው የተራበ መሆኑን እኔ ካህኑ ማወቅ ይገባኝ ነበር።

ስለዚህ ሥራ በዝቶብናል ከማለታችን በፊት አንድ ነገር እንጀምር። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ አለው። ከመስከረም 1 ቀን ከርእሰ ዐውደ ዓመት ጀምሮ በየማታው ራት ከመቅረቡ አስቀድሞ አንድ አንድ ምዕራፍ ብናነብ፥ መስከረም 16 ቀን፥ በመስቀል ዋዜማ፥ እንፈጽመዋለን። ማንበብ የሚችል ድምፁን አሰምቶ ያንብብ፤ ፊደል ያልቈጠረች እናት፥ ዓይኑ የደከመ አባት፥ ገና ያልተማረ ሕፃንም ይስሙ። በሩቅ አገር ያላችሁም በስልክ ልታነቡላቸው ትችላላችሁ። ያላስተዋላችሁት ቃል ሲገጥማችሁ እንደ ጃንደረባው አትፈሩ፤ መምህራንን ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያናችን ከንባቡ ጋር ትርጓሜውን ጠብቃ ያቈየችው ለዚሁ ነው።

ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ይከፈታል፤ ክረምቱም ተመልሶ ይመጣል። ንባባችንን በናፍቆት የሚጠብቁ ወላጆቻችን ግን ለሚመጣው ክረምት መቈየታቸውን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ዛሬ ማታ በእጃችን ነው።

አምላካችን ዘመኑን የሰላምና የበረከት ዘመን ያድርግልን፤ ወደ ሥራችንም ቃሉን ይዘን ደስ እያለን እንድንመለስ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።