ቤንዚን ስለሚያፈስ ካርቡራተር

(በእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከአባሎቻችን አንዱ የሆኑት አንጋፋ መካኒክ ያደረጉት ንግግር)



ስለ ካርቡራተር እንድናገር የተጠየቅሁት በግቢያችን በደረሰው ነገር ምክንያት ነው። አንድ ጎረቤታችን ላዳውን ለማስነሣት ደጋግሞ ቁልፍ ያዞራል፤ ቤንዚኑ ከካርቡራተሩ ሞልቶ በሞተሩ ላይ ይወርዳል፤ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ የቡና ከሰል ተያይዟል። እኔም እዚያው ቆሜ ሽታው እየሸተተኝ «በል ድገመው» እለው ነበር። መካኒክ ነኝ ባይ እንግዲህ! አንዲት እናታችን ምድጃውን አንሥተው ባይሸሹ ኖሮ ዛሬ የምንሰበሰበው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል ያየ ሰው፣ እሳት በመርካቶ እንዴት እንደሚሮጥ አይነገረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካርቡራተር ውስጥ ትንሽ የቤንዚን ጉድጓድ አለች። በውስጧ ተንሳፋፊ አለ፤ ልክ እንደ ሮቶው ኳስ ማለት ነው። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና መርፌዋን ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። መርፌዋ ካልዘጋች ፓምፑ መግፋቱን አይተውም፤ ቤንዚኑ ይፈሳል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል።

መርፌዋን ብዙ ጊዜ የሚያግዳት ቆሻሻ ነው። በጀሪካን የተቀዳ ቤንዚንና የዛገ ታንክ ያመጡት ጣጣ ነው። የጉድጓዷን ጎን በካቻቪቴ እጀታ ቀስ አድርጎ ማንኳኳት አንዳንዴ ያላቅቃታል፤ ይኸ ግን ጋራዥ ለመድረስ ያህል ብቻ ነው። ክዳኑን ስትፈቱ የመርፌዋን ጫፍ በጥፍር ዳብሱት፤ ክብ ጭረት ካለው ተበልቷልና ከነመቀመጫው ይለወጥ። ሶማሌ ተራ ፈልጉ፤ አሮጌ ሰጥተው አዲስ ነው የሚሏችሁ አይጠፉምና ሳትዳብሱ አትክፈሉ።

ተንሳፋፊውን ደግሞ ጆሯችሁ ሥር ነቅንቁት። ውስጡ የሚንቦጫቦጭ ከሆነ ተበስቷል ማለት ነው። የነሐሱን ተንሳፋፊ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት አረፋው ቀዳዳውን ያሳያችኋል። በውስጡ ቤንዚን እያለ በእሳት መበየድ ግን ራስን ማቃጠል ነው፤ እኔ ከመበየድ መለወጥን እመርጣለሁ።

ልኩም አለ። በላዳው ኦዞን ካርቡራተር ክዳኑ በጎኑ ቆሞ ሲያዝ፣ ከጓርኒሲዮኑ እስከ ተንሳፋፊው 6.5 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። በፎልክስ ግን ልኩን የምትጠብቀው ከመርፌዋ መቀመጫ ሥር ያለችው ቀጭን ሮንዴላ ናት። ስንቱ ፈትቶ ጥሏት ኋላ «ካርቡራተሩ አርጅቷል» ይላል መሰላችሁ!

ጥቁር ጭስ ሁሉ ግን የመርፌ ጥፋት አይደለም። እኛ ያለነው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ሳይፈስ የሚያጨስ ከሆነ ቾኩ ተዘግቶ እንዳልቀረ እዩ፤ ከዚያም ባለሙያ የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ ልክ ይይላችሁ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ያለውን አሮጌ መኪና የሚንከባከብ ሰው በዝቷል። ስለዚህ ይኸን አደራ እላለሁ፦ ቤንዚን ከሸተታችሁ ቁልፉን ተዉት። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ መኪናውን ከምድጃና ከሲጋራ አርቃችሁ ግፉት፣ የፈሰሰውን አሸዋ አልብሱት፣ ቦኖውን ከፍታችሁ እስኪተን ጠብቁ። ፍሳሹ ሳይኖር ሞተሩ ብቻ በቤንዚን ከታፈነ፣ የቤንዚን ፔዳሉን ሳትደጋግሙ እስከ ታች ረግጣችሁ ይዛችሁ አስነሡ። ኋላም የዘይቱን መለኪያ አሽትቱት፤ ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱ ቀጥኗልና ሳትነዱ ለውጡት።

የጎረቤታችን ላዳ መርፌዋ ተለውጦላት በደህና እየሠራች ነው። ካርቡራተሩን ማሳየት የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእድሩ ዕቃ ቤት አጠገብ ያገኘኛል፤ ታንኩን ሞልቶ እንዳይመጣ ብቻ።