ናንቻኩ፦ ተመልሶ የሚመጣው ዱላ

ብሩስ ሊን በቪዲዮ ቤት ያየ ሰው ናንቻኩን አይረሳም። በገመድ ወይም በሰንሰለት የተያያዙ ሁለት አጫጭር ዱላዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። አገሩ የጃፓኗ ኦኪናዋ ነው፤ እዚያ ኮቡዶ በሚባለው የመሣሪያ ስልጠና ውስጥ ይገኛል። የገበሬ እህል መውቂያ ነበር ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ ማስረጃው ግን ስስ ነው። ለብሩስ ሊ ያስተዋወቀው ዳን ኢኖሳንቶ ሲሆን፣ በፈረንጆቹ 1972 የወጣው «ፊስት ኦፍ ፊውሪ» ፊልም የናንቻኩን ዝና አናኘው።

መምታቱ ቀላል ነው፤ ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዱላው ያረፈበትን ነገር መትቶ ነጥሮ ይመለሳል፤ ያልተዘጋጀ ሰው ክርኑን፣ ጉልበቱን ወይም የገዛ ግንባሩን ያገኘዋል። ለዚህ ነው ጀማሪ ስፖንጅ የለበሰውን የሚይዘው። በትከሻው ላይ አሳልፎ ጫፉን በብብቱ ሥር መቀበልን ይለማመዳል፤ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ። ከዚያ እጅ መቀያየር ይመጣል። የእጅ አንጓ ይፍታታል፤ ዓይንና እጅም ይግባባሉ። ለእውነተኛ ጠብ ከሆነ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ አንድ ደህና ሽመል ይበልጠዋል።

የሆነ ሆኖ የኒውዮርክ ግዛት ናንቻኩን በፈረንጆቹ 1974 ከልክሎት ነበር፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት እገዳውን የሻረው በፈረንጆቹ 2018 ነው።