ሹመት ከእግዚአብሔር፣ ሒሳብ ለአባላት



ዛሬ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ከመምረጣችን በፊት አንድ ነገር እንነጋገር። አንዳንዶቻችን «ሹመት ከእግዚአብሔር ነው፤ የተመረጠችን ሴት ሒሳብ አምጪ ማለት ነውር ነው» እንላለን።

የመጀመሪያውን እናምናለን። እዚሁ ጎረቤታችን ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት አፄ ቴዎድሮስ ዙፋኑን ከአባታቸው አልወረሱም፤ ሆኖም በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ነገሡ። በ1860 ዓ.ም. ደግሞ በመቅደላ ዘመናቸው አበቃ። የሚሾምም የሚሽርም እግዚአብሔር ነው።

ሁለተኛው ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይሄድም። ሳሙኤልን ከልጅነቱ የጠራው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ያም ሆኖ ሲያረጅ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንን በሬ፣ የማንን አህያ እንደወሰደ ጠየቀ። ሕዝቡም ንጽሕናውን መሰከረለት። ሳኦልም የተቀባ ንጉሥ ነበር፤ የምርኮው በግ ሲጮህ ግን ሳሙኤል ዝም አላለውም።

እኛ የፎገራ ሰዎች የበሬን ዋጋ እናውቃለን። በማኅበሩ ሣጥን ያለውም ብር የሩዝ ማሳ አርመን፣ ወተት ሸጠን ያጠራቀምነው፣ ወዳጆቻችንም አምነው የሰጡን ነው። ስለዚህ ለምንመርጣት እህት እንጸልይላት፤ ደረሰኝ ሳትቆርጥ ገንዘብ አትቀበል፤ ያለ ሁለት ፊርማ ወጪ አይኑር፤ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በጉባኤ ይነበብ። መዝገብ የምንይዘውም እንዲሁ እንመርመር።

ይህ ጥርጣሬ አይደለም። ቁልፉን የምታስረክብበት ቀን ሲመጣ እንደ ሳሙኤል ቀና ብላ እንድትጠይቀን፣ እኛም ያለ ሐሜት እንድንመሰክርላት ነው።

እግዚአብሔር የወደዳትን ይስጠን።