በየዓመቱ በሚታደስ ውል ዘላቂ ታማኝነት አንጠብቅ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ አባል ያደረጉት ንግግር)



የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ ሥራ መልቀቁ በቴሌግራም ግሩፓችን የተሰማ ዕለት፣ አንዳችን ‹‹ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል›› ብለን ጻፍን። እኔም ‹‹እውነት ነው›› ብዬ ጨመርኩበት። በኋላ ቆጨኝና የቅጥር ውሉን አስልኬ አነበብኩት። የአንድ ዓመት ውል ነው፤ አምስት ጊዜ ታድሷል። ደወልኩለት። ‹‹ጋሼ፣ ሰኔ በመጣ ቁጥር ዘንድሮስ ያድሱልኝ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። አሁን ቋሚ ሥራ አገኘሁ›› አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህን ጭንቀት እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎች እናውቀዋለን። ቋሚ ተቀጣሪ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ሲቆረጥበት አሠሪውም ያንኑ ያህል ይከፍልለታል። በ1099 የሚሠራ ግን የሁለቱንም ድርሻ፣ 15.3 በመቶውን፣ ብቻውን ይሸከማል። እኔ አራት ዓመት እንደዚያ ሠርቻለሁ። አለቃዬ ‹‹እኛ ቤተሰብ ነን›› ይለን ነበር። እናቴ አርፋ አገር ቤት ደርሼ ስመለስ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ በሰዓት አንድ ዶላር የጨመረልኝን ሁሉ ተከትዬ ሄድኩ። ልጆች አሳድግ ነበርና ማንም ከሃዲ አላለኝም።

ኮንትራት ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ከመካከላችን የተሻለ ክፍያ ወይም ነፃነት ፈልገው የመረጡት አሉ። ጊዜያዊ ለሆነ ሥራም ተገቢ ነው፤ ጉድጓድ የቆፈረልን ሰው ውኃው ሲወጣ ሥራው አልቋል። ቤተ መጻሕፍት ግን በየቀኑ ይከፈታል።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ይህንኑ ለይቶታል። የሥራ ውል በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚፈቀደው በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ነው፤ ለምሳሌ ለወቅታዊ ሥራ ወይም ለጊዜው የቀረን ሠራተኛ ለመተካት። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። እኛ ግን አንድን ሰው ስድስት ዓመት ስንሞክር ኖርን።

ክፉ አስበን እንዳላደረግነው አውቃለሁ። መዋጯችን አንድ ዓመት ይሞላል፣ አንድ ዓመት ይጎድላል። ነገር ግን ያን ስጋት ለሦስት መቶ አባላት ከማካፈል ይልቅ፣ ከሁላችን ያነሰ ገቢ ባለው ሰው ትከሻ ላይ ጫንነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲወሰን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የሚተካው ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን ሲጨርስ ቋሚ ይሁን፤ የአሠሪ ድርሻ የሆነውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም በየወሩ ሳናጓድል እንክፈል። ሁለተኛ፣ አዲስ ግንባታ ከመጀመራችን በፊት የአንድ ዓመት ደመወዝ በመጠባበቂያ ሂሳብ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ለሄደው ወንድማችን የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍለት። በግሩፑ ላይ ለጻፍኩት ቃል ግን እኔ ራሴ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ነገ የሚቀጠረውን ሰው ‹‹ታማኝ ሁን›› ከማለታችን በፊት፣ እኛ ለእሱ ምን ያህል ታማኝ እንደምንሆን በውሉ ላይ እንጻፍለት።