አዙሪት የያዘው በግ



በከላላ ደጋ በግ ከመንጋው ተለይቶ በአንድ ቦታ ሲሽከረከር «አዙሪት ያዘው» ይባላል። የአንጎሉ ሕመም ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

አንደኛው ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን በተበላሸ መኖ ይገባል፤ የእንስሳት ሐኪም ቶሎ ከደረሰበት በፔኒሲሊን ሊድን ይችላል። ሁለተኛው በአንጎል ውስጥ ውኃ ቋጥሮ የሚያድግ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው፤ ይህ በፔኒሲሊን አይድንም። እንቁላሉ ከውሻ ዓይነ ምድር ወደ ሣር፣ ከሣርም ወደ በጉ ይገባል። ውሻው ደግሞ የታመመውን በግ አንጎል ሲበላ ትሉን መልሶ ይወስዳል።

ስለዚህ የታረደ ወይም የሞተ በግ ጭንቅላት ለውሻ አትጣሉ፤ አቃጥሉት ወይም በጥልቅ ቅበሩት። ለውሾቻችሁም የትል መድኃኒት ስጡ። ለድኻ ቤት አንድ በግ የልጅ ደብተርና የክረምት እህል ነውና።